ኩሬው ኖራ ይፈልጋል ወይስ መለኪያ?

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ ሐይቅ ከተማን አልፎ ወደ ውጫሌ ሲዘልቅ የሐይቅ ውኃና የአምባሰል ተራሮች ጎን ለጎን ይታያሉ። ከተራሮቹ መካከል የግሸን አምባ ይገኛል። በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ ሦስት ዓይነት ውኃ አለ። አንደኛው መውጫ በሌለው ሐይቅ ለዘመናት የተጠራቀመው ውኃ ነው። ሁለተኛው ከተራራ ሥር የሚፈልቀው የምንጭ ውኃ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ክረምት ከጣሪያና ከተዳፋት ተጠልፎ በቤተሰብ ኩሬ የሚያዘው የዝናብ ውኃ ነው። ሦስቱም ለዓይን ያው ውኃ ናቸው። ለዓሣ ግን ጠባያቸው ለየቅል ነው።

ይህን ልዩነት ማወቅ ዛሬ የተመራማሪ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ከዶሮው፣ ከማሩና ከወተቱ ጎን ዓሣም በቤተሰብ ደረጃ እንዲመረት ጥረት እየተደረገ ነው። ለመስኖ ተብሎ የተቆፈረ ኩሬ ዓሣም እንዲያፈራ የሚፈልግ አርሶ አደር ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ሆኖም ለወራት የተደከመበት ዓሣ በአንድ ሌሊት ሆዱን ገልብጦ ውኃ ላይ ሲንሳፈፍ የሚደርሰው ኪሣራ ለአንድ ቤተሰብ ከባድ ነው። በዚህ ጊዜ ከአፍ የሚቀድመው ቃል "ውኃው አሲድ ሆኗል፤ ኖራ ይበተንበት" የሚለው ነው።

ምክሩ አንዳንዴ ልክ ነው። አንዳንዴ ፋይዳ የለውም። አንዳንዴ ደግሞ የተረፈውን ዓሣ ይፈጃል። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ውኃው ሲለካ ብቻ ነው።

ምክሩ ከየት መጣ?

የኖራ ነገር ለክልሉ አርሶ አደር እንግዳ አይደለም። በአዊ፣ በምዕራብና በምሥራቅ ጎጃም ደጋማ ወረዳዎች ዝናብ ለዘመናት አጥቦ አሲዳማ ያደረገው አፈር በኖራ እየታከመ ስንዴና ገብስ እንዲሰጥ ተደርጓል። የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ስለ አሲዳማ አፈር ሠልጥነዋል፤ ኖራም በዕቅድ ይከፋፈላል። በመሆኑም ዓሣ ሲታመም ሐሳብ ወደ ኖራ መሄዱ አያስገርምም።

ይሁን እንጂ ማሳና ኩሬ አንድ አይደሉም። የማሳ አፈር አሲዳማነት የሚለወጠው በዓመታት ነው። የኩሬ ውኃ አሲዳማነት ግን ከንጋት እስከ ማታ ባለው ጊዜ ብቻ በእጅጉ ይለዋወጣል። በተጨማሪም ለጎጃም ደጋ የተሰጠው መድኃኒት ለሐይቅ ዳርቻ ላይሠራ ይችላል።

ቁጥሩ ምን ይላል?

የውኃ አሲዳማነት የሚለካው ፒኤች በተባለ ከ0 እስከ 14 በሚደርስ መለኪያ ነው። 7 መካከለኛ ነው። ከ7 በታች ያለው እንደ ሎሚ ጭማቂ የመኮምጠጥ ጠባይ አለው። ከ7 በላይ ያለው ደግሞ እንደ አመድ ውኃ አልካላይን ነው። ልብ ሊባል የሚገባው በአንድ ቁጥርና በቀጣዩ መካከል ያለው ልዩነት አሥር እጥፍ መሆኑ ነው። ፒኤች 5 የሆነ ውኃ ፒኤች 6 ከሆነው በአሥር እጥፍ፣ ፒኤች 7 ከሆነው ደግሞ በመቶ እጥፍ ይበልጥ አሲዳማ ነው። ስለዚህ "በአንድ ቁጥር ብቻ ነው የወረደው" ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

በኩሬ ለሚረቡት ቆሮሶ (ቲላፒያ)፣ አምባዛና ካርፕ ተስማሚው ከ6.5 እስከ 9 ያለው ነው። ከ6.5 በታች ሲወርድ ዓሣው ይቀጭጫል። ወደ 5 ሲጠጋና ከዚያም ሲያንስ መራባት ያቆማል። 4 እና ከዚያ በታች ሲደርስ ይሞታል። በሌላው ጫፍ ከ9 በላይ ለረጅም ሰዓት ከቆየ ስንጥቡና ቆዳው ይጎዳል፤ 11 ሲደርስ ደግሞ አይተርፍም። አደጋው በሁለቱም በኩል ነው ማለት ነው። ኖራ መፍትሔ የሚሆነው በታችኛው በኩል ላለው ብቻ ነው።

የሐይቅ ውኃ ትምህርት

የሐይቅ ውኃ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ፣ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር በላይ የሆነ ነው። ወንዝና ጎርፍ ይገባበታል እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። የሚገባው ውኃ ከድንጋይና ከአፈር አሟሙቶ ያመጣው ንጥረ ነገር እዚያው ይቀራል፤ ውኃው ሲተን መጠኑ ይጨምራል። ከዚህ የተነሣ የሐይቅ ውኃ አልካላይን ሲሆን ፒኤቹ ወደ 9 የሚጠጋ ነው። ከዚህ ውኃ በፓምፕ ስቦ ኩሬ የሚሞላ አርሶ አደር ኖራ ቢጨምርበት በቋፍ ያለውን ውኃ ከወሰኑ እንደ መግፋት ይሆንበታል።

ከሐይቁ የሚገኘው ሌላው ትምህርት የአረንጓዴነት ጉዳይ ነው። ቆሮሶ ዓሣ በሐይቁ የተፈጥሮ ነዋሪ አልነበረም፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ከሌላ ቦታ መጥቶ የተለቀቀ ነው። ተላምዶና ተራብቶም ለአካባቢው ዓሣ አስጋሪዎች የገቢ ምንጭ ሆኗል። ኤልሳቤጥ ከበደና የሥራ ባልደረቦቻቸው በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ቀድሞ ጥርት ያለ የነበረው የሐይቁ ውኃ አልጌ የበዛበት መሆኑን መዝግበዋል። አልጌ የሚባሉት በዓይን ብቻ ለይቶ ለማየት የሚያስቸግሩ ጥቃቅን የውኃ ዕፅዋት ናቸው። በመጠኑ ሲሆኑ ለቆሮሶ ምግብ ናቸው። ሲበዙ ግን የውኃውን ፒኤች የሚያወጡትና የሚያወርዱት እነርሱ ናቸው። በትልቁ ሐይቅ በዓመታት የታየው መለወጥ በትንሽ ኩሬ በሳምንታት ሊታይ ይችላል።

ከመጠን ያለፈ አልካላይንነት ምን እንደሚያስከትል ለማየት ደግሞ የስምጥ ሸለቆውን አቢያታ ሐይቅ ማስታወስ ይበቃል። በአንድ ወቅት ዓሣ የነበረበትና ዓሣ የሚመገቡ አዕዋፍ የሚሰፍሩበት ነበር። ወደ ሐይቁ የሚገባው ውኃ ቀንሶ ሶዳና ጨው ሲበረታ ዓሣው ጠፋ፤ ዓሣ በል አዕዋፍም ሸሹ። በዚያ ሐይቅ ያለው ችግር አሲድ አይደለም፤ ተቃራኒው ነው።

ከምንጭ የሚመጣው

በአምባሰል ተዳፋት ሥር ካሉ ምንጮች ውኃ ጠልፎ ኩሬ መሙላት የተሻለ አማራጭ ይመስላል። ብዙ ጊዜም ነው፤ ንጹሕና ከተባይ የጸዳ ነውና። ነገር ግን ከመሬት ውስጥ በቀጥታ የወጣ ውኃ ሁለት ጠባይ አለው። ኦክስጅን ያንሰዋል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ሊበዛበት ይችላል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውኃ ሲሟሟ አሲድ ስለሚፈጥር ምንጩ ዓይን ላይ ሲለካ ፒኤቹ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል።

ይህ ዓይነቱ አሲዳማነት ኖራ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው አየር ነው። ውኃው በቦይ እየተንደረደረ፣ በድንጋይ ላይ እየተፈነጠረ ወደ ኩሬው እንዲወርድ ቢደረግ ትርፉ ጋዝ ይወጣል፣ ኦክስጅን ይገባል፣ ፒኤቹም በራሱ ከፍ ይላል። የጉልበትና የጥቂት ድንጋይ ሥራ እንጂ የገንዘብ ሥራ አይደለም። ስለዚህ የምንጭ ውኃ መለካት ያለበት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ ምንጩ ላይ፣ አንዴ ደግሞ ኩሬው መግቢያ ላይ።

ዝናብ ያቆረው

ሦስተኛው ውኃ ብዙውን ጊዜ የሚዘነጋው ነው። በፕላስቲክ ንጣፍ (ጂኦሜምብሬን) በተለበጠ ኩሬ የተያዘ የዝናብ ውኃ አፈርና ድንጋይ ብዙም ሳይነካው ስለሚጠራቀም በውስጡ የሟሟ የኖራ ንጥረ ነገር የለውም ማለት ይቻላል። ባለሙያዎች ይህን የኖራና የሶዳ ክምችት አልካሊኒቲ ይሉታል። አልካሊኒቲ ፒኤች እንዳይዋዥቅ የሚይዝ ነገር ነው፤ ጭነት የሌለው አህያ በነፋስ እንደሚደነብር ሁሉ አልካሊኒቲ የሌለው ውኃም በትንሽ ነገር ይናወጣል።

በእንዲህ ዓይነት ኩሬ ፒኤቹ ጠዋት 6.5 ሆኖ ተለክቶ ከሰዓት በኋላ ከ9 በላይ ሊወጣ ይችላል። በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ያለው አልካሊኒቲ ከ20 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ ውኃው ለዓሣ እርባታ ደካማ ነው፤ 50 እና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። የእርሻ ኖራ በእውነት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የሚጨመረውም ፒኤቹን ለማውጣት ብቻ ሳይሆን እንዳይዋዥቅ ለማድረግ ነው።

በአፈር ላይ የተቆፈረና ንጣፍ የሌለው ኩሬ ከሆነ ደግሞ ውኃው የአፈሩን ጠባይ ይወርሳል። ቦታው አሲዳማ አፈር ያለበት ደጋ ከሆነ ኩሬው ከመቆፈሩ በፊት የአፈር ናሙና ወስዶ በአፈር ምርመራ ላቦራቶሪ ማስመርመር ይገባል። በደጋው ሌላም የሚታሰብ ነገር አለ። ቆሮሶ የሞቃት ውኃ ዓሣ ነው፤ የሚፈልገው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያለውን ነው። ከ20 ዲግሪ በታች እድገቱ ይዘገያል፤ ወደ 16 ዲግሪ ሲወርድ መብላት ያቆማል። በግሸን አምባ ዙሪያ ባለው ብርድ ፒኤቹ የቱን ያህል ቢስተካከል ቆሮሶ አያተርፍም። ብርድ የሚችለው ካርፕ የተሻለ ዕድል አለው።

ንጋት 12 ሰዓት፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

አልጌም ሆነ ሌላ የውኃ ዕፅ ቀን በፀሐይ ብርሃን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስዳል፤ ኦክስጅን ይሰጣል። ጋዙ ከውኃው ሲወጣ አሲዱም አብሮ ስለሚቀንስ ፒኤች ይወጣል። ሌሊት ግን ዕፁም፣ ዓሣውም፣ ከሥር የሚበሰብሰው ፍግም ሁሉም ኦክስጅን ይወስዳሉ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣሉ። ፒኤች ይወርዳል፤ ኦክስጅንም ያልቃል።

ስለዚህ ዝቅተኛው ፒኤች የሚገኘው ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው። ከፍተኛው ደግሞ ከቀኑ 9 ሰዓት አካባቢ ይገኛል። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ለክቶ "7.5 ነው፤ ደኅና ነው" ማለት ሁለቱንም ጫፍ ሳያዩ መፍረድ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲጻፉ ግን ኩሬው ራሱ ይናገራል፦

- ጠዋትም ከሰዓትም ከ6.5 በታች ከሆነ ውኃው በእርግጥ አሲዳማ ነው፤ የእርሻ ኖራ ያስፈልገዋል።
- ጠዋት 6.5፣ ከሰዓት ከ9 በላይ ከሆነ ውኃው አቅም የለውም፤ አልጌውም በዝቷል። ምግብና ፍግ ይቀነስ፤ አልካሊኒቲው ተለክቶ ዝቅተኛ ከሆነ የእርሻ ኖራ በልኩ ይጨመር።
- ጠዋትም ከሰዓትም ከ8.5 በላይ ከሆነ ኖራ ፈጽሞ አያስፈልግም፤ ትኩረቱ ምግብ፣ ፍግና ዩሪያ ላይ ይሁን።
- ጠዋት 7 ከሰዓት 8.5 ከሆነ ኩሬው ጤነኛ ነው፤ ባለበት ይቀጥል።

ለመለካት ውድ መሣሪያ የግድ አይደለም። ቀለሙ የሚለወጠው የፒኤች መለኪያ ወረቀት ለአርሶ አደር በቂ ነው፤ ከእርጥበት ብቻ ይጠበቅ። በባትሪ የሚሠራው መለኪያ ይበልጥ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ፒኤቻቸው 4፣ 7 እና 10 በሆኑ የማስተካከያ ፈሳሾች በየጊዜው ካልተስተካከለ ይዋሻል። ናሙናው ከላይ ከላይ ሳይሆን ክንድ ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ ይቀዳ፤ የሚለካውም እዚያው ነው። በጠርሙስ ተይዞ ወደ ከተማ የተላከ ውኃ እስኪደርስ ፒኤቹ ይለወጣል።

የአልጌውን መጠን ለማወቅ ደግሞ ክንድ ይበቃል። እጅ ቀጥ ብሎ ወደ ውኃው ሲገባ ውኃው ክርን ሳይደርስ መዳፍ ከዓይን ከተሰወረ አልጌው በዝቷል። ውኃው ክርን ላይ ሲደርስ መዳፍ ከተሰወረ መጠኑ ጥሩ ነው። ብብት ድረስ ገብቶም መዳፍ ከታየ ኩሬው ለዓሣው የተፈጥሮ ምግብ የለውም። ይህ ምልክት የሚሠራው ውኃው በአልጌ እንጂ በጭቃ ካልደፈረሰ ነው።

አሞኒያ፦ የማይታየው መርዝ

ከፍተኛ ፒኤች ብቻውን ከሚያደርሰው ጉዳት ይልቅ ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ የሚያደርሰው ይብሳል። አሞኒያ ከዓሣው ኩስ፣ ሳይበላ ከሚቀር ምግብ፣ ከፍግና ከዩሪያ ማዳበሪያ ይመጣል። በውኃ ውስጥ በሁለት መልክ ይኖራል፤ አንዱ ብዙም አይጎዳም፣ ሌላው ስንጥብ የሚያቃጥል መርዝ ነው። የትኛው እንደሚበዛ የሚወስነው ፒኤችና ሙቀት ነው። 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሆነ ውኃ ውስጥ ፒኤች 7 ሲሆን ካለው አሞኒያ መርዛማው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። ፒኤች 8 ሲሆን ከመቶ 5 እጅ ያህል ይሆናል። 9 ላይ ሲደርስ ከመቶ 36 እጅ ገደማ ይደርሳል።

ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ቁም ነገር ግልጽ ነው። ተመሳሳይ ምግብና ፍግ የሚጨመርባቸው ሁለት ኩሬዎች ቢኖሩ በምንጭ ውኃ የተሞላው ምንም ሳይሆን በሐይቅ ውኃ የተሞላው ዓሣ ሊጨርስ ይችላል። አልካላይን በሆነ ውኃ ዩሪያ መጨመር አደገኛ ነው። በዚያ ላይ ኖራ ከተጨመረ አደጋው ይብሳል።

ስለዚህ ምግብ በሚዛን ይሁን። ለአብነት 10 ሜትር በ20 ሜትር የሆነ ኩሬ ስፋቱ 200 ካሬ ሜትር ነው። በካሬ ሜትር ሁለት ጫጩት ሒሳብ 400 ዓሣ ይይዛል። እያንዳንዱ 100 ግራም ሲደርስ ጠቅላላ ክብደቱ 40 ኪሎ ግራም ይሆናል። የክብደቱን 3 በመቶ ቢመገብ በቀን 1.2 ኪሎ ግራም ማለት ነው፤ ይህም በጠዋትና በከሰዓት ተከፍሎ ይሰጣል። ፍሩሽካና የኑግ ፋጉሎ ተደባልቆ ከተሰጠ በኋላ በሩብ ሰዓት ውስጥ ያልተበላ ከተረፈ በማግሥቱ መጠኑ ይቀነስ። የተረፈው ምግብ ዓሣውን አያወፍርም፤ አሞኒያ ነው የሚሆነው።

ኖራም ዓይነት አለው

"ኖራ" ተብሎ በአንድ ስም የሚጠራው ነገር ሁለት የተለያየ ጠባይ አለው። የእርሻ ኖራ የሚባለው ያልተቃጠለ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ነው። ቀስ ብሎ የሚሟሟ ሲሆን ብቻውን የውኃውን ፒኤች ከ8.3 ገደማ አያሳልፍም። በዚህ ምክንያት ዓሣ ባለበት ኩሬ በጥንቃቄ ሊበተን ይችላል። ሁለተኛው በእሳት የተቃጠለው፣ ለግንብና ለቤት መለቅለቂያ የሚውለው ነው። ይህ ውኃ ሲነካው የሚፈላና ፒኤችን ወደ 12 የሚያወጣ ነው። ዓሣ ባለበት ኩሬ ከተጨመረ ይፈጃል፤ የበተነውን ሰው ዓይንና ቆዳም ያቃጥላል። ጥቅሙ ዓሣው ወጥቶ ውኃው በተፋሰሰ ኩሬ ወለል ላይ ያለውን ተባይ ለመግደል ብቻ ነው።

አሲዳማ መሆኑ በምርመራ በተረጋገጠ ኩሬ የእርሻ ኖራ ለ100 ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 20 ኪሎ ግራም ይበተናል። በምሳሌ ለተጠቀሰው የ200 ካሬ ሜትር ኩሬ ከ20 እስከ 40 ኪሎ ግራም መሆኑ ነው። ጭቃው በጣም አሲዳማ ከሆነ መጠኑ ከዚህም ሊጨምር ይችላል፤ ይህን የሚወስነው የአፈር ምርመራው ውጤት ነው። የሚመረጠው ጊዜ ኩሬው ውኃ ከመሞላቱ በፊት ሲሆን ወለሉና ጎኑ እኩል ይዳረስ። ፍግም ሆነ ማዳበሪያ የሚጨመረው ከኖራው ሁለት ሳምንት ያህል በኋላ ነው፤ አብረው ከተጨመሩ አንዱ የሌላውን ጥቅም ያጠፋል።

ከፍ ያለውን ፒኤች ለማውረድ ደግሞ ሎሚ፣ ኮምጣጤ ወይም የባትሪ አሲድ መጨመር ፈጽሞ አይገባም። ውኃው ለጥቂት ሰዓት ወርዶ መልሶ ይወጣል፤ ዓሣውን የሚጎዳው ይኸው ድንገተኛ መለዋወጥ ነው። ትክክለኛው መንገድ ምግብና ፍግ ማቆም፣ ከሥር ያረጀውን ውኃ በከፊል አውጥቶ አዲስ ማስገባት፣ ከዳር የሚበቅለውን አረም ማጽዳት ነው። ኩሬውን ለማጥላት ብሎ እምቦጭ ማምጣት ግን ጣናን የገጠመውን መከራ ወደ ሐይቅ መጋበዝ ነው።

ዓሣው ሲታመም

ዓሣ አፉን ከፍቶ ውኃው ላይ ሲያዛጋ የሚታይበት ሰዓት ምክንያቱን ይጠቁማል። ንጋት ላይ ከሆነና ፀሐይ ሲሞቅ ከተወው ችግሩ የኦክስጅን እጥረት ነው። በዚህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ቀድመው የሚሞቱት ትልልቆቹ ናቸው። ለዚህ ኖራ ምንም አይፈይድም፤ አዲስ ውኃ ከከፍታ እያፈሰሱ ማስገባት፣ ውኃውን በባልዲ እየቀዱ ከላይ መርጨትና ለዕለቱ ምግብ መከልከል ነው የሚያድነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በበረታበት ሰዓት ዓሣው እየተሽከረከረ ወይም እየዘለለ የሚጨነቅ ከሆነ፣ ስንጥቡ ከቀላና ልጋግ ከበዛበት ግን ፒኤችና አሞኒያ ይጠርጠር። አምባዛ አልፎ አልፎ ወደ ላይ ወጥቶ አየር መሳቡ ግን ተፈጥሮው እንጂ ሕመም አይደለም።

በዓሣው ገላ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው። ብዙ ጊዜ የሚይዘው በመረብ የተላላጠን ወይም በመጥፎ ውኃ የተዳከመን ዓሣ ነው። የታመመውን ለይቶ በአንድ ሊትር ውኃ 10 ግራም የምግብ ጨው በተሟሟበት ባልዲ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ማቆየት ይረዳል፤ ዓሣው ሚዛኑን መሳት ከጀመረ ወዲያውኑ ይውጣ። ነገር ግን የኩሬው ውኃ ካልተስተካከለ የዳነው ተመልሶ ይታመማል። የሞተ ዓሣ ተለቅሞ ከኩሬው ርቆ ይቀበር፤ ውኃ ውስጥ ከተተወ እርሱም አሞኒያ ይሆናል።

አዲስ ጫጩት ሲመጣም የሚሞተው ብዙ ጊዜ በመንገድ ሳይሆን ኩሬው ውስጥ በተለቀቀ ሰዓት ነው። የመጣበት ውኃና የሚገባበት ውኃ ሙቀትና ፒኤች ስለሚለያይ ፕላስቲኩ ኩሬው ላይ እንደተንሳፈፈ የኩሬው ውኃ ጥቂት በጥቂት ይጨመርበት፤ ከግማሽ ሰዓት ያላነሰ ጊዜ ይሰጠውና በራሱ ዋኝቶ ይውጣ።

በከተማ፣ በመስታወት ገንዳ

በከተማ በሳሎንና በሆቴል የመስታወት ገንዳ ለጌጥ ዓሣ የሚያኖሩም የሚገጥማቸው ይኸው ችግር ነው። ገንዳው ትንሽ በመሆኑ ለውጡ ፈጣን ነው። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለው በሰፊ ዕቃ ተቀድቶ ቢያንስ አንድ ቀን ክፍት ሆኖ ይቆይ። በሳምንት አንድ ጊዜ ከውኃው ከአምስት አንድ እጁ ይቀየር፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መቀየር ዓሣውን ያስደነግጠዋል፤ ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም ይጎዳል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በአዲስ ገንዳ ለመራባት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ስለሚወስድባቸው መጀመሪያ ጥቂት ዓሣ ብቻ ይግባ። ለጌጥ ተብሎ የሚጨመር የኖራ ድንጋይና የባሕር ቅርፊት ፒኤችን ከፍ እንደሚያደርግም ይታወቅ።

ከወረዳው ምን ይጠበቃል?

ለወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ከዚህ የሚወጣው መልእክት ኖራ አይከፋፈል የሚል አይደለም። ኖራ ከመውጣቱ በፊት ሁለት ቁጥር ይቅረብ የሚል ነው፤ የንጋት 12 ሰዓትና የቀኑ 9 ሰዓት። በቀበሌ አንድ የፒኤች መለኪያና አንድ የውኃ ቴርሞ ሜትር በልማት ጣቢያው እጅ ቢኖር ብዙ ኩሬዎችን በተራ መለካት ይቻላል። ኩሬ ያለው እያንዳንዱ አርሶ አደር ደግሞ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ፒኤቹን፣ የውኃውን ሙቀት፣ የሰጠውን ምግብና የሞተበትን ዓሣ የሚጽፍበት አንድ ደብተር ይያዝ። መጻፍ የማይችል ካለ ከትምህርት ቤት የተመለሰ ልጅ ይጽፍለታል።

እንዲህ ያለ ደብተር ለባለሙያውም ትልቅ ጥቅም አለው። በባሕር ዳር የሚገኘው የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል፣ እንዲሁም በሰበታ የሚገኘው ብሔራዊ ማዕከል ምክር ሲጠየቁ "ዓሣ ሞተብን" ከሚል ዜና ይልቅ የሁለት ሳምንት ቁጥር ይዞ የሚመጣን ወረዳ በተሻለ መርዳት ይችላሉ። ጫጩት የሚያከፋፍል ክፍልም ውኃው ሳይለካ ዓሣ ባይሰጥ ኪሣራው ከመጀመሪያው ይቀንሳል።

ክረምት ሲያልፍ ኩሬው ሁሉ ሞልቶ ይገኛል፤ ከዚያ በኋላ ፀሐይ በርትታ አልጌው የሚበዛበት ጊዜ ይመጣል። ጫጩት ለማስገባት ያሰበ አርሶ አደር ከዚያ በፊት ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ከሰዓት ውኃውን ቢለካ ኩሬው ኖራ፣ አየር ወይስ የምግብ ቅነሳ እንደሚያስፈልገው ገና ዓሣ ሳይገባበት ያውቃል።